ምግብን በረዶ የሚያደርግ ማቀዝቀዣ

የቤት ማቀዝቀዣ ተግባሩ ምግብን ማቀዝቀዝ እንጂ በረዶ ማድረግ አይደለም። ወተቱ በረዶ ሆኖ፣ ቲማቲሙም እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ሲገኝ አስቀድሞ መቆጣጠሪያውን ቁልፍ መመልከት ይገባል። ከ1 እስከ 7 በተጻፈበት ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቅዝቃዜው ይበረታል፤ ብዙ ሰው ግን የሙቀት ቁጥር እየመሰለው፣ ላሙቀው ሲል ይባስ ያበርደዋል።

ልኩን ለማወቅ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አኑሮ፣ ቴርሞሜትር ነክሮ በማግስቱ ማንበብ ነው። 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ ከ2 ቢያንስ ቁልፉን በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ አንድ ቀን መጠበቅ ያሻል። ውሃው ልከኛ ሆኖ ሳለ የኋላው ምግብ ብቻ በረዶ ቢይዘው ጥፋቱ የአቀማመጥ ነው፤ ከኋላው ግድግዳና ቀዝቃዛ አየር ከሚወጣበት ቀዳዳ ጥቂት ጣት ማራቅ ይበቃል። ይህ ሁሉ ተደርጎ መብረዱ ካልቀረ መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ይሆናልና ባለሙያ ይጠራ።

ቲማቲም ቢበላሽ ኪሳራው የሳንቲም ነው። በቤቱ የስኳር በሽተኛ ካለ ግን ነገሩ ይከብዳል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚጠበቀው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው፤ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም፣ መልኩ ባይለወጥም፣ ኃይሉ አይታመንምና መጣል አለበት።