የመንገደኛ ጕብኝትና የጕድፍ መጣያው በር

ከጠረፍ አገር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ምእመን በእንጦጦ ማርያም ቤተ መዘክር የዳግማዊ ምኒልክንና የእቴጌ ጣይቱን አልባሳት፥ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንና የእቴጌ መነንን መካነ መቃብር አይቶ ይመለሳል። መልካም ነው። ንዋያተ ቅድሳት በመስተዋት ውስጥ ቢቀመጡም ክብራቸው አልተለወጠምና በጸጥታ ሊታዩ ይገባል።

ነገር ግን ነህምያ የኢየሩሳሌምን ፍርስራሽ በሌሊት በጐበኘ ጊዜ ከጕድፍ መጣያው በር እንደ ደረሰ እናስተውል። ያንንም በር በኋላ ያደሰው የግዛት አለቃ የነበረው የሬካብ ልጅ መልክያ ነው፤ ሹመቱ ከጕድፉ ስፍራ አላራቀውም። እኛ ግን ቅርስ ሲባል ዘውድና ካባ ብቻ ይመስለናል።

እንግዲህ ወደ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ወዳለው ወደ ቆሼ እንሂድ። (የቀራንዮን ስም ለአንባቢ መተርጐም አያሻንም።) ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ጥራጊ ሲከመርበት የኖረ ስፍራ ነው። በክምሩ ጥግ ቤት ቀልሰው፥ ሌላው የጣለውን እየለቀሙ የሚኖሩ ብዙዎች ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ በዐቢይ ጾም፥ ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለሦስት ቀንም ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ።

በዚያ የሚታይ ዕቃ ሳይኖር ምን እጐበኛለሁ የሚል ቢኖር፥ ጫማውን ሳይሳሳለት ቆሞ «ነፍስ ይማር» ይበል፤ ከሰፈሩም አረጋውያን ጋር ተቀምጦ የሆነውን ይጠይቅ።