ዓሣ አይታረድም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል



በብዙዎቻችን ቤት ዓሣ የሌሎች ሰዎች የጾም ምግብ ተደርጎ ይታያል። በዐቢይ ጾም ሰሞን በየምግብ ቤቱ ሲጠበስ እናያለን፤ ወደ እኛ ማዕድ ግን ብዙም አይመጣም። ሰበታ የብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል መቀመጫ ሆና ሳለች፣ ዓሣ ለከተማዋ ነዋሪ እንግዳ መሆኑ ያስገርማል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ 96ኛ አንቀጽ የባሕርን አደንና ምግብ ፈቅዶልናል። ዑለማዎች ይህ ሐይቅንና ወንዝንም እንደሚጨምር አስረድተዋል። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይታረዱ ከተፈቀዱልን ሁለት ነገሮች አንዱ ዓሣ፣ ሌላው አንበጣ መሆኑን አስተምረውናል። ይሁን እንጂ በሱረቱል በቀራህ 168ኛ አንቀጽ የታዘዝነው ሐላል የሆነውን ብቻ ሳይሆን ጦይብ፣ ማለትም ንጹሕና መልካም የሆነውንም እንድንመገብ ነው። የዓሣ ሐላልነት በአላህ ፈቃድ ተረጋግጧል፤ ጦይብነቱን መጠበቅ ግን የገዢውና የአብሳዩ ድርሻ ነው። ዓሣ ቢላዋና ቢስሚላህ ሳያስፈልገው ስለተፈቀደ ጥንቃቄም የማያስፈልገው የሚመስላቸው አሉ። እውነታው ተቃራኒው ነው፤ ከሥጋ ሁሉ ፈጥኖ የሚበላሸው ዓሣ ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

100 ግራም ጥሬ የቆሮሶ ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው ስቡ ከ2 ግራም አይበልጥም። ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ 12፣ ለአጥንት የሚጠቅመው ፎስፈረስ እንዲሁም ሴሌኒየም ይገኙበታል። ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ ለአረጋውያንና ለሕፃናት ይስማማል። ሕፃን 6 ወር ከሞላው በኋላ በደንብ የበሰለ ዓሣ እሾሁ በጣት ተፈትሾና ተለቅሞ፣ ከድንች ጋር ተፈጭቶ ሊሰጠው ይችላል። ኦሜጋ 3 የተባለው ለልብ የሚጠቅም ስብ ግን ከሐይቅ ዓሣ ይልቅ እንደ ሰርዲን ባሉ የባሕር ዓሦች ውስጥ በብዛት ይገኛል።

ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

በገበያችን የሚገኙት በአብዛኛው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ከዝዋይ (ባቱ) እስከ አዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር፣ ከሐዋሳ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለመድረስ ተጨማሪ መንገድ አለው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ "ዓሣው በዚህ ሁሉ መንገድ በበረዶ ውስጥ ነበር ወይ?" የሚለው ነው።

ሙሉ ዓሣ ከሆነ ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ወዲያው የሚመለስ ይሁን። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ስንጥቡ የጠቆረ፣ የሚያዝለገልግ ወይም ሽታው የሚከረፋ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም አይግዙት። ቆዳውና አጥንቱ የወጣለት ከሆነ ጠርዙ ያልደረቀና ያልቢጫ ይምረጡ። በሐነፊ መዝሀብ በራሱ ሞቶ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ዓሣ አይበላም፤ በጤናም በኩል መቼና በምን እንደሞተ የማይታወቅ ዓሣ መተው ይሻላል።

ዓሣ ከሌላው ዕቃ በኋላ በመጨረሻ ይገዛል። ቤት እንደደረሰ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል፤ ከ1 ወይም 2 ቀን በላይ ሳይቆይ ይበስላል። የቀዘቀዘው ዓሣ ሲሟሟም በማቀዝቀዣው ውስጥ እንጂ በጠረጴዛ ላይ አይሁን። መብራት ጠፍቶ የቆየ ከሆነና ዓሣው ሞቆ ካገኙት ይጣል።

ሎሚና እሳት የማይችሉት

ብዙ እናቶች ሽታ ያመጣን ዓሣ በሎሚ አጥበው ያበስላሉ። ሎሚ ሽታን ይሸፍናል እንጂ የተበላሸን ዓሣ አያድንም። በሎሚ ተነክሮ የነጣ ዓሣም በስሏል ማለት አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የጥገኛ ትሎች እጭ እንደሚገኝባቸው አሳይተዋል። ስለዚህ ጥሬ ዓሣም ሆነ ለብለብ አይመከርም፤ በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት።

እሳት ትሉንና ጀርሙን ይገድላል። ነገር ግን አንዳንድ ዓሦች ያለ በረዶ ሲቆዩ ሂስታሚን የተባለ መርዝ በሥጋቸው ውስጥ ይከማቻል፤ ይህን እሳት አያጠፋውም። ቱና፣ ሰርዲንና መሰሎቻቸው በዚህ ይታወቃሉ። የቆርቆሮ ቱና ከተከፈተ በኋላ ወደ ሌላ ዕቃ ተገልብጦ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

የዓሣ ጥብስ በሐዋሳ አኳኋን (ለ6 ሰው)

በሐዋሳ አሞራ ገደል እንደሚደረገው ሙሉ ዓሣ ተተልትሎ ይጠበሳል። ቤት ውስጥ መሥራቱ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ውጭ ስንበላ ዓሣው ሐላል ቢሆንም ዘይቱ ሐላል ያልሆነ ሥጋ የተጠበሰበት ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈልጉት፦ የተጠረጉ 6 መካከለኛ ቆሮሶዎች፣ 1 የሻይ ማንኪያ አዮዲን ያለው ጨው፣ 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ 2 ሎሚ፣ 1 ኩባያ የበቆሎ ዱቄት፣ መጥበሻ ዘይት።

1. ዓሣውን አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። በሁለቱም ጎን እስከ አጥንቱ ድረስ በጣት ስፋት ልዩነት ይተልትሉት። ይህ እሳቱ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይረዳል።
2. ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና የ1 ሎሚ ጭማቂ ቀላቅለው ይሹት። ከድነው ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩት።
3. የበቆሎ ዱቄት ነስንሰው ያራግፉ። ዘይቱ መጋሉን በቁራሽ ዳቦ ይፈትኑ፤ ወዲያው ከተንጨረጨረ ደርሷል።
4. መጥበሻውን ሳያጨናንቁ እያንዳንዱን ጎን 5 ደቂቃ ያህል ይጥበሱ። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ ሲለቅ በስሏል። ቴርሞሜትር ላለው የውስጡ ሙቀት 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ።
5. ጥሬው ዓሣ የነበረበትን ሳህን፣ መክተፊያና ቢላዋ በሳሙና ሳያጥቡ ለበሰለው አይጠቀሙ። የጠቆረ ዘይት ደግመው አይጥበሱበት።

የደም ግፊት ወይም የኮሌስትሮል ችግር ላለበት ሰው ጨው ቀንሶ በወጥ፣ በሾርባ ወይም በምድጃ ማብሰል ይመረጣል።

ማባያዎቹ

*ጎመን፦* 1 ኪሎ ጎመን በደንብ ታጥቦ ይከተፋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጥቂት ዘይት ቁሌት ተደርጎ ጎመኑ ይጨመራል፤ አረንጓዴ መልኩ ሳይጠፋ ይወጣል። ዓሣና ሎሚ በጎመን ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛሉ። ሻይና ቡና ግን ይከለክሉታል፤ ስለዚህ ከእራት በኋላ ሻዩን ቢያንስ ለ1 ሰዓት ያቆዩት።

*ዳጣ፦* ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ጥቂት ጨው አብሮ ይፈጫል፤ ሎሚ ይጨመቅበታል። የጨጓራ ሕመምተኛ ይቅርበት።

*ሰላጣ፦* ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ። የሚበሉት ጥሬ ስለሆነ በውሃ አጋር በታከመ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይጠቡ።

ከዚህ ጋር የበቆሎ ቂጣ ወይም የተቀቀለ ድንች ቢቀርብ ማዕዱ ይሟላል።

መድኃኒት ለሚወስዱ

ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ወይም መከላከያ አይሶኒያዚድ የሚወስድ የቤተሰብ አባል ካለ ይህን ልብ በሉ። ይህ መድኃኒት ሰውነት ሂስታሚንን እንዳያስወግድ ያደርጋል። በመሆኑም ቱናን የመሰለ ዓሣ ሲበላ ፊት መቅላት፣ ራስ ምታት፣ ማሳከክና የልብ ምት መፍጠን ሊያጋጥም ይችላል። ሕክምናው እስኪያልቅ ከእነዚህ ዓሦች መታቀብ ይሻላል። መድኃኒቱን ግን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም። የተባለው ምልክት ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የበሉትንና የሚወስዱትን መድኃኒት መናገር ነው።

ዓሣ ከበላ በኋላ ፊቱ ወይም ከንፈሩ ያበጠ፣ ወይም መተንፈስ ያስቸገረው ሰው ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይወሰድ። እሾህ ጉሮሮ ላይ ሲሰነቀር የዳቦ ወይም የእንጀራ ጉርሻ መዋጥ የተለመደ ቢሆንም እሾሁን ወደ ውስጥ ሊያስገባው ስለሚችል አይመከርም፤ እሱንም ሐኪም ይየው።

በዐቢይ ጾም ወራት ፈላጊው ስለሚበዛ የዓሣ ዋጋ ይወጣል፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ይቀንሳል። ለቤተሰባችን ማዕድ መልካሙ ጊዜ ያኔ ነው። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ብንጀምር ለልጆቻችን ትልቅ ጥቅም ይሆናል፤ በዋጋው መርከስ ተስበን ትኩስነቱን መመርመር ግን አንርሳ።

አላህ ሐላልና ጦይብ የሆነውን ሲሳይ ይወፍቀን፤ ጤናችንንም ይጠብቅልን። አሚን።