«ካልቃምኩ ማንበብ አልችልም» - የግቢ ተማሪዎች ለምን ሱስ ውስጥ ይገባሉ?



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ካልቃምኩ አንድ ገጽ እንኳ ማንበብ አልችልም። ምን ላድርግ?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ግቢ ከመግባታቸው በፊት ጫት ቀምሰው የማያውቁም አሉበት። ታዲያ እዚህ እንዴት ደረሱ?

ወላጆች ብዙ ጊዜ «ጓደኛ አበላሸው» ብለው ይደመድማሉ። እውነትነት አለው፤ ግን ሌሎች ምክንያቶችም አሉ።

👉 ፈተና፦ ሴሚስተሩን ሙሉ የተጠራቀመን ሃንድአውት በሁለት ሦስት ሌሊት ለመጨረስ።

👉 ብቸኝነት፦ ተማሪው ከቤተሰቡ ርቆ ማንንም በማያውቅበት ከተማ ይመደባል። ጫት ቤቱ ጨዋታና ወዳጅ የሚያገኝበት ቦታ ይሆንለታል።

👉 ጭንቀትና ድብርት፦ ያልፈለገው ዲፓርትመንት የደረሰው ወይም ውጤቱ የወረደበት ተማሪ ስሜቱን ለጊዜው ለመርሳት ይጠቀማል። ከሱሱ ጀርባ ያልታከመ ድብርት ሊኖር ይችላል።

👉 በቀላሉ መገኘቱ፦ ጫት በሕግ አልተከለከለም፤ ብዙ ቦታ ከግቢ በር ብዙም ሳይርቅ ይሸጣል።

ጫት በእርግጥ ለጥናት ይረዳል?

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ባሕሪው ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። አእምሯችን ውስጥ ዶፓሚን እንዲጨምር ያደርጋል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ወሬው ይጥማል፣ ያነበብነው ሁሉ የገባን ይመስለናል። ምርቃና የምንለው ይሄው ነው።

ነገር ግን ቀን ያጠናነው ትምህርት አእምሯችን ውስጥ እንዲጸና እንቅልፍ ያስፈልጋል። ሌሊቱን በምርቃና ያነጋ ተማሪ ብዙ ገጽ ያነባል፣ ግን ያነበበው የሚቀመጥበትን ሰዓት ያጣል። ፈተና ላይ «አንብቤው ነበር እኮ!» የሚያስብለን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ከዚያ ሰንሰለቱ ይቀጥላል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል፦ ቢራ፣ አረቄ፣ አንዳንዴም የእንቅልፍ ኪኒን። በማግሥቱ ድካም፣ ከሰዓት ሃራራ፣ ከዚያ እንደገና ጫት። «ካልቃምኩ ማንበብ አልችልም» የሚለው ስሜት በአብዛኛው ይሄው ሃራራ ነው። ጫቱ የሚያስታግሰው ራሱ ያመጣውን ችግር ነው ማለት ነው።

⚠️ እንደ ዳያዘፓም ያሉ መድኃኒቶችን ከአልኮል ጋር መውሰድ ትንፋሽን አዳክሞ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ምን ላድርግ?

1. ከፈተና ሳምንት ራቅ ያለ የማቆሚያ ቀን ምረጡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ እንቅልፍ መብዛት፣ መነጫነጭና ዱካክ ሊኖር ይችላል። ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ «አእምሮዬ ተበላሸ» ብላችሁ አትደንግጡ።

2. በ20 እና በ30 ደቂቃ ከፋፍላችሁ አንብቡ፣ መሀል ላይ ተነስታችሁ ተንቀሳቀሱ። ሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት ተኙ።

3. ከሰዓቱን ባዶ አትተዉት። የመቃሚያው ሰዓት ሲደርስ ላይብረሪ፣ ኳስ ሜዳ ወይም ከማይቅም ጓደኛ ጋር ሁኑ።

4. በየቀኑ ብዙ አልኮል የምትጠጡ ከሆነ ግን ያለ ሐኪም ምክር በአንዴ አታቁሙ። መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ዓይነት መንፈራገጥ ሊያስከትል ይችላል።

ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያለባችሁ፦ ለቀናት እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማችሁ፣ «ሰዎች ይከታተሉኛል» የሚል ጥርጣሬ ካደረባችሁ፣ ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ ነው። ከግቢያችሁ ክሊኒክ መጀመር ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

ወላጆች፣ «ለምን አትተወውም?» ከማለታችሁ በፊት «ምን አስጨነቀህ ልጄ?» በሉት። ብዙ ጊዜ ሕክምናው የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለሚጠቅመው ተማሪ ሼር አድርጉለት።