ክረምት ሲወጣ ዘር ማስቀረት፦ በቃሊቲ ግቢ ለሚዘራ ሰው

መስከረም ሲጠባ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሁለት ወሬ አብሮ ይነሣል፦ የአዲስ ዓመት ይቅርታና የደረሰው ጎመን። ሰኔ ላይ መደብ የቆፈረ ሰው ጥቅምት ላይ ቤቱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ወደ ሌላ ዞን ይዛወራል። ስለዚህ በዚህ ግቢ ዘር ማስቀረት ርክክብ ነው። ከታች ያለው ሁሉ የተጻፈው አንዱ የለቀመውን ሌላው ሳይቸገር እንዲዘራው ነው።

ቢላዋ፣ የመስታወት ጠርሙስና ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። ሃይላንድ፣ ወረቀት፣ ክርና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ቤተሰብ ከስንቅ ጋር ምን ማስገባት እንደሚችል ግን ጥበቃውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

1. እናት ተክል ምረጡ (መስከረም)

ለዘር የሚቀረው ከበላነው የተረፈው ሳይሆን ምርጡ ነው። ጤነኛውን፣ ፍሬው ያማረውንና ዝናቡን ችሎ የቆመውን በቀይ ክር እሰሩበት፤ ማንም ለወጥ እንዳይቆርጠው ለክፍሉ ሰው ሁሉ ንገሩ። አንድ ተክል ቢታመም ዘሩ ሁሉ እንዳይጠፋ ከአንድ ዓይነት ቢያንስ ከአምስት ተክል ሰብስቡ።

ከሱቅ በተገዛ ማሸጊያ ላይ «ኤፍ 1» የሚል ካለ ያ ተክል ዲቃላ ነው፤ ዘሩ ቢበቅልም እናቱን አይመስልም። ቆስጣም በመጀመሪያው ዓመት ዘር ስለማይሰጥ ቅጠሉን እየቀነጠባችሁ ብሉ። ሚጥሚጣና ቃሪያ ጎን ለጎን ከተዘሩ ንቦች ያዳቅሏቸዋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ቃሪያ ምላስ ሊያቃጥል ይችላል።

2. በጊዜው ልቀሙ (ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር)

አደይ አበባ፦ ቢጫው ቅጠል ረግፎ ራሱ ቡናማ ሲሆን ጤዛው ከደረቀ በኋላ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ልቀሙ። ቢዘገይ ነፋስ ይበትነዋል። የዚኒያና የማሪጎልድ ራስም እንዲሁ ተክሉ ላይ እስኪደርቅ ይጠበቃል።

የሱፍ አበባ፦ የራሱ ጀርባ ቢጫ ሲሆን ወፍ እንዳይቀድማችሁ በስስ ጨርቅ ሸፍኑት።

የአበሻ ጎመን፦ ዘር የያዘው ቀጭን ቅርፊት አብዛኛው ቢጫ ሲሆን ዘንጉን ቆርጣችሁ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ቁልቁል ስቀሉት። ሲደርቅ በእጅ አሹት፤ ገለባውን እፍ እያላችሁ ለዩ።

ቲማቲም፦ ዘሩ ላይ ያለው ዝልግልግ ሽፋን እንዳይበቅል ስለሚይዘው መነሣት አለበት። የበሰለውን ፍሬ ኩባያ ውስጥ ጨምቁና ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን በጥላ አስቀምጡ፤ በየቀኑ አማስሉት። ላዩ ነጭ አረፋ ሲያወጣና ሲሸት ውኃ ጨምሩበት። የሚንሳፈፈውን ድፉ፤ የሚዘቅጠውን አጥባችሁ በሳህን ላይ አስጡ። በወረቀት ላይ ካሰጣችሁት ተጣብቆ ይቀራል።

ቃሪያና በርበሬ፦ ከአረንጓዴው ዘር አይወሰድም። ፍጹም ቀልቶ መጨማደድ የጀመረውን ክፈቱ፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ።

3. በጥላ አድርቁ

የቀትር ፀሐይ ዘርን ይገድላል። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ስስ አድርጋችሁ ለሁለት ሳምንት አስጡ፤ ማታ ማታ አስገቡ። የጥቅምት ቀን ደረቅ ነው፤ የሌሊቱ ጤዛ ግን የቀኑን ሥራ ያበላሻል። ትልቁ ዘር በጥፍር ስትጫኑት ካልታጠፈና ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል።

የዘር ባለሙያዎች የሃሪንግተን ሕግ የሚሉት አለ፦ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ ዕድሜው እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ሲቀንስም እንዲሁ። ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ማድረቁ ላይ በርቱ።

4. አሽጉ፣ ጻፉ

እያንዳንዱን ዓይነት በወረቀት ጠቅልሉ። ጥቅሎቹን አፉ ሰፊ በሆነና ውስጡ ፍጹም በደረቀ ሃይላንድ ውስጥ አስገቡ። ከሥሩ ሁለት ማንኪያ ያህል ተቆልቶ የቀዘቀዘ ሩዝ በጨርቅ ቋጥራችሁ አድርጉ፤ የቀረውን እርጥበት ይመጥጣል። ክዳኑን አጥብቃችሁ ከመስኮትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ራቅ ባለ ቦታ አኑሩት።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ «የአበሻ ጎመን፣ ጥቅምት፣ ከምሥራቁ መደብ፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ በግንቦት መጨረሻ የሚዘራ»። ወሩ ላይ ዓመተ ምሕረቱን አትርሱ፤ የሽንኩርት ዘር ከአንድ ዓመት በኋላ ይደክማል፣ የቃሪያ ሁለት ሦስት ዓመት፣ የቲማቲምና የጎመን አራት ዓመት ያህል ይቆያል። ከእያንዳንዱም ግማሹን ለሌላ ሰው ስጡ፤ አንዱ ሃይላንድ ውኃ ቢገባበት ወይም ባለቤቱ ቢፈታ ዘሩ አይጠፋም። ሀገራችንም የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የጂን ባንክ ዘር ሲያከማች፣ ዶክተር መላኩ ወረደ ደግሞ የገበሬው ዘር በገበሬው ማሳ ላይም እንዲቀጥል ታግለው እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝተዋል።

5. የሚበላውን አቆዩ

ያለ ማቀዝቀዣ አስተማማኙ መንገድ ማድረቅ ነው። በሶብላን ሳያብብ በጠዋት ቆርጣችሁ በትንንሽ እስር ቁልቁል በጥላ ስቀሉ፤ ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል። ቀይ በርበሬ ግን ፀሐይ ይወዳል፤ ሲነቀነቅ ዘሩ ውስጡ እስኪንኳኳ ይሰጣ። ነጭ ሽንኩርት ቅጠሉ ሲወድቅ ተነቅሎ፣ ሳይታጠብ፣ ለሁለት ሳምንት በጥላ ደርቆ ይጎነጎናል። ጎመን ለማድረቅ በቧንቧ ውኃ አጥባችሁ፣ በፈላ ውኃ ለሁለት ደቂቃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ አስጡት።

ዳጣ ለሁለት ሦስት ቀን የሚበላውን ያህል ብቻ ይዘጋጅ። ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ዳጣ ዘይት አልብሶ በክፍል ሙቀት ማቆየት አደገኛ ነው፤ አየር በሌለበት የሚራባው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ሽታም ሆነ ጣዕም ሳይቀይር ሰው ይገድላል።

6. መሬት ከሌለ

እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኔልሰን ማንዴላ፣ በኋላ በፖልስሙር እስር ቤት ጣሪያ ላይ ለሁለት በተቆረጡ 32 የበርሜል ግማሾች ወደ 900 የሚጠጋ ተክል አብቅለዋል፤ ምርቱም ለእስረኞች ማዕድ ቤትና ለጠባቂዎች ይደርስ ነበር። ሥሩ የተበሳ ጀሪካን ወይም ባልዲም ይሠራል። የአቃቂ መረሬ ውኃ ስለሚቋጥር ከአሸዋና ከብስባሽ ጋር ቀላቅሉት።

7. ፈትሹ፣ አስረክቡ (ሚያዝያ)

ከመዝሪያው ወር በፊት ከየዓይነቱ አሥር አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በላስቲክ ውስጥ አድርጉ። በአሥር ቀን ውስጥ ስምንቱ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው፤ ከአምስት በታች ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ። ውጤቱን ወረቀቱ ላይ ጨምሩ። የመፈቻ ቀናችሁ ከቀረበ ይህን ፈተና ቀጥሎ ከሚዘራው ሰው ጋር ሆናችሁ አድርጉት፤ በእጁ ያየውን አይረሳም።