የቆርቆሮ ጋን፤ ሲሞላ ብርቱ፥ ባዶውን ደካማ

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ቆርቆሮ ምን አገባው?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገሩ ግን ያገባኛል። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወደ አገሬ በሄድሁ ጊዜ፥ የሰፈራችን ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ያቆሙት የውኃ ጋን ወደ ውስጥ ተጨማድዶ ወድቆ አገኘሁት። ሊያጥቡት ውኃውን አፍስሰው ጥቂት ቀን ባዶውን ቢተዉት፥ የበጋው ነፋስ አጣጥፎ ጣለው። ሽማግሌዎቹ «ሲሞላ ያልፈነዳ፥ ባዶውን እንዴት ወደቀ?» ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ እፍረት ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። አንድ ሉክ ወረቀት ጫፉን ይዘን ብናነሣው ይዘነበላል፤ እንደ ማራገቢያ አጣጥፈን ብንይዘው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወረቀቱ አልወፈረም፤ የተለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው። ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 ሸንተረር ያለውን ብረት በፈጠራ ያስመዘገበው ይህንኑ ጠባይ በመጠቀም ነው። በ1837 ደግሞ ስታኒስላስ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ፥ ብረትን በቀለጠ ዚንክ እየነከሩ ከዝገት የሚጠብቁበትን ዘዴ አስመዘገበ። ቤታችንን የምንከድንበት ቆርቆሮ የሁለቱ ሐሳብ ልጅ ነው። ዚንኩ ልብስ ብቻ አይደለም፤ ቆርቆሮው ቢጫር እንኳ ከብረቱ ቀድሞ እርሱ ይበላል።

አሁን ወደ ጋኑ እንመለስ። የአፉ ስፋት 3 ሜትር፥ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ክብ ጋን 14,000 ሊትር ያህል ይይዛል። የውኃው ጥልቀት በአንድ ሜትር በጨመረ ቁጥር ግፊቱ በ10 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሚጨምር፥ ከታች 20 ይደርሳል። ይህም ግፊት በጋኑ ግርጌ ያለውን ቆርቆሮ በአንድ ሜትር ቁመት ሲታሰብ የ3 ቶን ክብደት ያህል ይስበዋል። ነገር ግን ጋኑ ክብ ስለ ሆነ ውኃው ዙሪያውን እኩል ይገፋል፤ ብረቱ ይሳባል እንጂ አይታጠፍም። ብረት ደግሞ ለመሳብ ብርቱ ነው። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ ይህን ሸክም ሲችል፥ ከተራ ብረት አቅም ስምንት አንድ እጁን እንኳ አይነካም። ሙሉ ጋን ሲሠራ ይልቁንስ የሚያሳስበው ቡሎን የሚገባበት መጋጠሚያ ነው።

ባዶ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ነፋስ ከአንድ ወገን ሲገፋው ከውስጥ የሚመክትለት ውኃ የለም። ስስ ብረት ሲስቡት ይጸናል፤ ሲገፉት ግን ይጨማደዳል። ሸንተረሩ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በቤት ጣሪያ ላይ ሸንተረሩ ውኃውን ቁልቁል ይመራል፤ በጋን ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ መቀነት ዙሪያውን ይሄዳል፥ ክቡ ወደ ውስጥ እንዳይጎብጥም ይይዘዋል። ይሁን እንጂ መቀነቱ ብቻውን አይበቃም። የጋኑ አፍ በብረት ቀለበት ወይም በክዳን መታሰር፥ እግሩም ከመሠረቱ ጋር መያያዝ አለበት። የእኛው ጋን ቀለበትም ክዳንም አልነበረውም።

ለእርሻም ሆነ ለፋብሪካ ጋን የሚያቆም ሰው ሦስት ነገር ያስተውል። መሬቱ የተስተካከለ፥ ድንጋይ የሌለበት ይሁን፤ በውስጡ የሚነጠፈው ላስቲክ እንዳይበሳ። ኮምጣጣ ፈሳሽ ዚንክን ስለሚያሟሟ ያለ መከላከያ ልባስ አይጨመርበት። የመዳብ ቧንቧም ዚንኩን ቶሎ ስለሚያስበላው በቀጥታ አይገጠምበት። ክዳኑ ደግሞ ከነፋስ ሌላ ፀሐይን ከልክሎ አረንጓዴው ሽበት እንዳይበቅል፥ ትንኝም እንዳይራባ ያደርጋል።

ትርፉ ትንሽ አይደለም። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 50 ሊትር ነው። በዓመት 1,000 ሚሊሜትር በሚዘንብበት አገር፥ አምስት አንዱ እጅ ቢባክን እንኳ 40,000 ሊትር ይቀራል፤ ያ የወደቀውን ጋን ሦስት ጊዜ ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል። ውኃ ከወንዝ በጀርባዋ ለምታመላልስ እናት ይህ ስንት መንገድ እንደሚያስቀርላት አንባቢ ያስበው።

መልሱን ለሽማግሌዎቹ በደብዳቤ ልኬላቸዋለሁ፤ «አዲሱን ስታቆሙ አፉን በቀለበት እሰሩት፥ እግሩን አጽኑት፥ ስታጥቡት በዚያው ቀን ሙሉት» ብዬ። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ወደ አገራችን ስንመለስ የሚጠብቀን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ፋኩልቲያችንንም አይጠይቀንም።