ለካውንቲ ስለሚገባ የቤትና የመሬት ግብር

በአሜሪካ አገር ካውንቲ የሚባል የአገዛዝ ክፍል አለ። ይኸውም በኢትዮጵያ ወረዳ ወይም አውራጃ እንደሚባለው ያለ ነው። አገሪቱ 50 ክፍላተ ግዛት አሏት፤ እነዚህም እንደ ገና በካውንቲ ይከፈላሉ፤ የካውንቲዎቹም ቍጥር በጠቅላላው ከ3,000 ይበልጣል። ሉዊዚያና በሚባለው ክፍለ ግዛት ግን ካውንቲ በማለት ፈንታ ፓሪሽ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ደብር ማለት ነው።

የካውንቲ ሥራ ለሕዝቡ ኑሮ ቅርብ የሆነ ሥራ ነው። መንገድ ማበጀት፥ ወህኒ ቤት መጠበቅ፥ የመሬትና የቤት ውል መዝግቦ ማኖር፥ የምርጫ ድምፅ ማስቈጠር፥ ችግረኞችን መርዳት፥ ይህን የመሰለው ሁሉ በብዙ ስፍራ የካውንቲው ግዴታ ነው። ለዚህም ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከሚገኝበት መንገድ ዋነኛው በቤትና በመሬት ላይ የሚጣለው ግብር ነው። ግብሩን የሚሰበስበው ካውንቲው ይሁን እንጂ ሁሉን ለብቻው አያስቀረውም፤ ለከተማውና ለትምህርት ቤቶቹ ድርሻ ድርሻቸውን ያካፍላል። ስለዚህ በዚያ አገር የገበሬው ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት የሚቆመው፥ አባቱና ጐረቤቶቹ በቤታቸውና በእርሻቸው ልክ በሚያገቡት ግብር ጭምር ነው።

ነገሩ በግልጥ እንዲታይ አንዱን ካውንቲ ለይቶ መመልከት ይሻላል። ሚኒሶታ በሚባለው በሰሜኑ ክፍለ ግዛት 87 ካውንቲዎች አሉ። ከነዚህም ውስጥ ሕዝቡ የሚበዛው ሄነፒን የሚባለው ነው፤ ዋና ከተማውም ሚኒያፖሊስ ነው። በዚህ ከተማና በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ቤት የገዙትም እንደ ማንኛውም ነዋሪ ለካውንቲው ግብር ያገባሉ። ሄነፒን የሚለው ስም የአንድ መነኵሴ ስም ነው፤ እርሱም በ1680 ዓ.ም. በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ያለውን ፏፏቴ አይቶ የቅዱስ አንጦንዮስ ፏፏቴ ብሎ የሰየመው ነው። (በዚህ ትምህርት የአሜሪካና የእንግሊዝ ነገር ሲነገር ዓመቱ የሚቈጠረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

የግብሩ መሠረት የንብረቱ ዋጋ ነው። ካውንቲው ወይም ከተማው የሾማቸው ገማቾች ቤቱንና መሬቱን እየተመለከቱ፥ በአካባቢውም የተሸጡትን ቤቶች ዋጋ እያመሳከሩ፥ ይህ ቤት ለገበያ ቢወጣ ምን ያህል ያወጣ ነበር ብለው ይገምታሉ። በሚኒሶታ ግምቱ የሚቈረጠው ንብረቱ በየዓመቱ ጃንዋሪ 2 ቀን፥ ማለት በታኅሣሥ 24 ቀን፥ እንዳለበት ሁኔታ ነው። ከዚህ በኋላ የግምቱ ወረቀት ለባለቤቱ ይላክለታል። ባለቤቱም ግምቱ በዝቶብኛል የሚል እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ ለገማቹ፥ ከዚያም ግምትን ለማስተካከል ለተሰበሰቡት ሹማምንት አቤት ይላል፤ በዚህም ያልረካ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አቤቱታው የሚሰማው ግን በተወሰነለት ጊዜ ነው። ጊዜውን አሳልፎ ግብር በሚከፈልበት ወራት በግምቱ ላይ የሚጮኽ ሰው ለዚያ ዓመት የሚሰማው አያገኝም፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ሌላም ስሕተት አለ። ሕዝቡ የቤቴ ግምት እጥፍ ከሆነ ግብሬም እጥፍ ይሆናል ብሎ ያስባል። ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ አንድ መቶ ቤት ያሉበት መንደር ቢኖር፥ ለዓመቱም ሥራ 10,000 ዶላር ቢያስፈልገው፥ የቤቶቹም ዋጋ ቢደመር አንድ ሚሊዮን ዶላር ቢሆን፥ ከየመቶው ዶላር ግምት አንድ ዶላር ይወጣል። ስለዚህ ቤቱ 20,000 ዶላር የተገመተ ሰው 200 ዶላር ያገባል። በሚመጣው ዓመት የሁሉም ቤት ግምት እኩል እጥፍ ቢሆንና የሥራው ወጪ ያው 10,000 ዶላር ቢሆን፥ ከየመቶው የሚወጣው ግማሽ ዶላር ብቻ ይሆናል። የዚያም ሰው ቤት 40,000 ዶላር ተገምቶ ሳለ የሚያገባው ያንኑ 200 ዶላር ነው። ግብሩ የሚከብደው የመንደሩ ወጪ ሲጨምር፥ ወይም የእርሱ ቤት ግምት ከጐረቤቶቹ ይልቅ አብልጦ ሲወጣ ነው። በሚኒሶታ የሚሠራበት መንገድ ይህን ይመስላል፤ አስቀድሞ ወጪው ይቈረጣል፥ ኋላም ለባለ ንብረቶቹ እንደየግምታቸው ይደለደላል።

በኢትዮጵያ አሠራሩ ሌላ ነበረ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ በብዙው ጠቅላይ ግዛት መሬት ለም፥ ለም ጠፍ፥ ጠፍ ተብሎ በሦስት ደረጃ ይመደብ ነበር፤ ግብሩም የሚታሰበው በጋሻ ነበር እንጂ በገበያ ዋጋ አልነበረም። ከ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ወዲህ ደግሞ መሬት የሕዝብና የመንግሥት ስለ ሆነ፥ ገበሬው የሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያ ነው። በአሜሪካ ግን መሬት እንደ ማንኛውም ዕቃ ይሸጣል፥ ይለወጣል፤ ግብሩም ገበያውን ይከተላል።

ገበያን መከተል ደግሞ የራሱ ጭንቅ አለው። ቤት ለባለቤቱ ገንዘብ አያፈራለትም፤ ግብሩ ግን የሚከፈለው በገንዘብ ነው። በጡረታ የሚኖር ሰው ከሠላሳ ዓመት በፊት በርካሽ የሠራው ቤት ሰፈሩ ስለ ተወደደ ብቻ ብዙ ቢገመት፥ በወረቀት ላይ ባለጸጋ ሆኖ በእጁ ግን የሚከፍለው ያጣል። በካሊፎርኒያ ሕዝቡ ስለዚህ ነገር ተቈጥቶ በ1978 ዓ.ም. በድምፁ አዲስ ሕግ አቆመ። በዚህም ሕግ መሠረታዊው ግብር ከግምቱ ከመቶ አንድ እንዳይበልጥ፥ ግምቱም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከመቶ ሁለት በላይ እንዳይጨምር ተወሰነ። ሽማግሎቹ ከቤታቸው መውጣትን ከመፍራት ዐረፉ። ነገር ግን ሁለት ቤቶች ጐን ለጐን ቆመው፥ በስፋትም በአሠራርም አንድ ሲሆኑ፥ ቤቱን ትናንት የገዛው ከቀድሞው ነዋሪ ብዙ እጥፍ አድርጎ የሚከፍልበት ጊዜ መጣ። አንዱን በደል ለማራቅ የወጣ ሕግ ሌላውን አመጣ።

በሄነፒን የመኖሪያ ቤት ግብር በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ እኩሌታው እስከ ሜይ 15 ቀን፥ ማለት እስከ ግንቦት 7 ቀን፥ የቀረውም እስከ ኦክቶበር 15 ቀን፥ ማለት እስከ ጥቅምት 5 ቀን ነው። ቀኑ ያለፈበት ሰው መቀጫ ይጨመርበታል፤ ዓመቱም ተለውጦ ያልከፈለ እንደ ሆነ ዕዳው ወለድ ይወልዳል። ካውንቲውም በፍርድ ቤት ዕዳውን በንብረቱ ላይ ያስፈርዳል። ከፍርዱ በኋላ ባለቤቱ ግብሩን፥ ወለዱንና መቀጫውን ከፍሎ ንብረቱን ያስለቅቅ ዘንድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ይህም ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ሦስቱ ዓመት ካለፈ ግን ንብረቱ ፈጽሞ ለመንግሥት ይሆናል፥ ባለቤቱም ይነቀላል።

በዚህ ሕግ ምክንያት በሚኒያፖሊስ አንድ ነገር ተደረገ። አንዲት ወይዘሮ በ1999 ዓ.ም. በከተማው ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት ገዝተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ስለ ገፋ ያን ስፍራ ትተው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ግብር ሳይከፈል ቀረ። በ2015 ዓ.ም. ያልተከፈለው ግብር ወደ 2,300 ዶላር ነበረ፤ ወለዱ፥ መቀጫውና ኪሳራው ግን ወደ 13,000 ዶላር ደረሰ። እንግዲህ ጠቅላላው ዕዳ ወደ 15,000 ዶላር ሆነ፤ ልጁ ከእናቱ ብዙ እጥፍ አደገ ማለት ነው። ካውንቲው ቤቱን ወስዶ በ40,000 ዶላር ሸጠው። ከዚህም 15,000 ዶላር ለዕዳው ሲያዝ 25,000 ዶላር ተረፈ። የተረፈውንም ገንዘብ ካውንቲው ለወይዘሮዋ አልመለሰም፤ በክፍለ ግዛቱ ሕግ ለራሱ፥ ለከተማውና ለትምህርት ቤቶች የሚከፋፈል ስለ ነበረ አስቀረው።

ወይዘሮዋ ካውንቲውን ከሰሱ። የታችኛው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት ይህንኑ አጸና። ነገሩ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ ወይዘሮዋ 94 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

የካውንቲው ክርክር ከንቱ አልነበረም። ባለቤቲቱ ቤታቸውን ራሳቸው ሸጠው ዕዳቸውን ከፍለው የቀረውን ሊወስዱ ይችሉ ነበር፤ ሕጉም ለዚህ ብዙ ዓመት ሰጥቷቸዋል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያለ ሰው ንብረቱን እንደ ተወ ይቈጠራል አለ። ደግሞም የሚኒሶታ ሕግ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ለቀድሞው ባለቤት ከተረፈው ገንዘብ ድርሻ አልሰጠውም፤ ሕግ ያልሰጠውን መብት መንግሥት ወሰደብኝ ማለት አይቻልም አለ። ለግብር የተወሰደው ንብረት ከዕዳው ያነሰ ዋጋ ያወጣም እንደ ሆነ ጉድለቱን የሚችለው መንግሥት ነው፤ ባለ ዕዳው ቀሪውን አምጣ አይባልም።

የወይዘሮዋ መልስ ግን አጭር ነበረ። ካውንቲው ቤቱን መሸጡን አልተቃወሙም፤ ዕዳውንም መውሰዱን አልተቃወሙም። የተቃወሙት ከዕዳው በላይ ያለውን መውሰዱን ነው። ይህ ነገር በገጠር ለሚኖር ሰው በቀላሉ ይገባል። ገበሬው 15 ብር ተበድሮ መክፈል ቢያቅተው፥ ዳኛው በሬውን በ40 ብር አሸጦ ለአበዳሪው 15 ብር ይሰጠዋል፤ የቀረው 25 ብር የባለ በሬው ነው። አበዳሪው አርባውንም ብር በኪሱ ከትቶ ቢሄድ ዕዳ ተቀበለ አይባልም። ጥያቄውም እንግዲህ፥ አበዳሪው መንግሥት ሲሆን ይህ ፍርድ ይለወጣልን? የሚል ነበረ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜይ 25 ቀን 2023 ዓ.ም.፥ ማለት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ግንቦት 17 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ ፍርዱን ሰጠ። የፍርዱን ቃል የጻፉት የዳኞቹ አለቃ ጆን ሮበርትስ ሲሆኑ፥ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ቃል ለወይዘሮዋ ፈረዱ። መሠረቱም በ1791 ዓ.ም. በሕገ መንግሥቱ ላይ የተጨመረው አምስተኛው ማሻሻያ ነው፤ እርሱም መንግሥት የሰውን ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ተገቢውን ካሣ እንዲከፍል ያዛል።

ዳኞቹ ነገሩን ከሩቅ ጀምረው መረመሩት። በ1215 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ከመኳንንቱ ጋራ ባጸናው ማግና ካርታ በተባለው ውል፥ የንጉሡ ሹም የሟችን ዕዳ ለመሰብሰብ ሲመጣ በዕዳው ልክ ብቻ እንዲወስድ፥ የተረፈውንም የሟቹን ኑዛዜ ለሚፈጽሙት ሰዎች እንዲተው ተጽፏል። አሜሪካም ራሷን ከቻለች በኋላ ብዙዎቹ ክፍላተ ግዛት ይህንኑ ሥርዐት ተከትለዋል። ፍርዱ በተሰጠበትም ጊዜ 36 ክፍላተ ግዛትና ማዕከላዊው መንግሥት የተረፈውን ለባለቤቱ ይመልሱ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ካውንቲውን ያስረታው ግን የሚኒሶታ የራሷ ሕግ ነው። ባንክ ቤትን ስለ ዕዳ ሲያሸጥ፥ ወይም መንግሥት ራሱ ስለ ሌላ ዐይነት ግብር ዕቃ ሲሸጥ፥ የተረፈው ለባለቤቱ እንዲመለስ ያ ሕግ ያዝዝ ነበር። መንግሥት ሌላውን በሚያስገድድበት ሕግ ራሱን ነጻ ሊያወጣ አይችልም፤ የሰውንም የንብረት መብት፥ ከእንግዲህ መብት አይደለም ብሎ በመጻፍ ብቻ ሊያጠፋው አይችልም ተባለ። ንብረቱን ትቶታል ስለ ተባለውም፥ ግብር አለመክፈልና ንብረትን መተው አንድ አይደሉም ብለው መለሱ።

ከፍርዱ በኋላ የብዙ ክፍላተ ግዛት ሕግ ሊለወጥ ግድ ሆነ። ሚኒሶታም በ2024 ዓ.ም. ሕጓን አሻሽላ፥ ከሽያጩ የተረፈው ገንዘብ ለቀድሞው ባለቤት የሚመለስበትን ሥርዐት አቆመች። ቀድሞ ቤታቸውንና መሬታቸውን በዚህ መንገድ ላጡ ሰዎችም በዕርቅ የሚከፈል 109 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ካውንቲው ለግብር፥ ለወለድና ለመቀጫ የወሰደው 15,000 ዶላር ግን አልተነካም፤ ያን መመለስ ይገባዋል ያለ ዳኛ አልነበረም።