የቆላ ፍየል በደጋ መንገድ ሲጫን

ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ የሚጫን ፍየል እስከ ኢሲዮሎ የሚቸገረው በሙቀት ነው። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ በኬንያ ተራራ ጥግ ወደ ቲማው ይወጣል፤ ከ1,100 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,000 ሜትርን ያልፋል። ዳገቱን በሌሊት ከመውጣት ፀሐይ እስኪሞቅ መጠበቅ ይሻላል።

ደረቅ ፍየል ብርድን ይችላል። የሚጎዳው እርጥበትና ነፋስ ሲደመሩበት ነው፤ የቆላ ፍየል ጸጉሩ አጭር፣ ስቡም ስስ ነውና። ሸራው ከፊትና ከጎን ነፋሱን ይከልክል እንጂ መኪናው ሙሉ በሙሉ አይሸፈን። ከታፈነ የሽንቱ ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ ኬላ ላይ ሲቆም ደግሞ ይብሳል። ወለሉ ላይ ደረቅ ገለባ ይጎዝጎዝ።

ኢሲዮሎ ላይ ድርቆሽ ማብላት ከሸራው ያላነሰ ይጠቅማል፤ ሆድ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይሰጣል። ያልለመደውን እህል በድንገት ማብዛት ግን ይገድላል።

የበረዳቸው ፍየሎች ይደራረባሉ፤ ከሥር ያለው ይታፈናል። ስለዚህ ጭነቱን በእንጨት መከፋፈል ያስፈልጋል። የሚንቀጠቀጠው ገና አቅም አለው። መንቀጥቀጡን ትቶ የተኛው ነው ቶሎ ወርዶ መድረቅና መሞቅ ያለበት። ሳንባ ምቹ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ከቀናት በኋላ፣ ፍየሉ ገዢ ፊት ቆሞ ሲያስል ነው።